ሳህኑን ለመጣል አትቸኩዪ

እህቴ፣ «ከቆረቆር የወሰድኩት ፀጉር በማይክሮስኮፕ ስፖር (የፈንገስ ዘር) ሞልቶበት እያየሁ፣ ካልቸሩ (ፈንገሱ እንዲያድግ ሳህን ላይ የዘራሁት ናሙና) በሁለት ሳምንት ምንም አላበቀለም፤ ምን አጥፍቼ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ያጠፋሽው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ጊዜ አልሰጠሽውም እንጂ። በዚሁ ነገር ስለተቃጠልኩ ነው የምጽፍልሽ።

1. ሳህኑን እስከ አራት ሳምንት አቆዪው። የእኛ ላቦራቶሪ ኃላፊ ዕድሜውን ከባክቴሪያ ጋር የጨረሰ ሰው ነው። ቆረቆር ያለበት የአንድ ልጅ ናሙና በተዘራ በ10ኛው ቀን «ኢንኩቤተሩ (ሙቀት ጠብቆ ማሳደጊያው ሳጥን) ሞልቷል፣ ያልበቀለውን አስወግጂ» አለኝ፤ ጣልኩት። ይባስ ብዬ በማይክሮስኮፕ ያየሁትን በካልቸሩ ሻርኩና «ፈንገስ አልተገኘም» ብዬ ፈረምኩ። የልጁ መድኃኒት ተቋረጠ። ከወር በኋላ ሲመለስ ጭንቅላቱ አብጦ መግል ቋጥሯል፣ ፀጉሩ ሲነካ ይወልቃል። ሐኪሟ በሰው ሁሉ ፊት ስትቆጣኝ ኃላፊው አቀርቅሮ ዝም አለ። እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

2. ናሙናውን ራስሽ ውሰጂ። በመቀስ ተቆርጦ የሚላክልሽ የፀጉር ጫፍ አይረባሽም። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ልጁን አስቀምጬ፣ ከቆዳው እኩል ተሰብረው ጥቁር ነጥብ የመሰሉትን ጉቶዎች በምላጭ ጫፍ አንድ በአንድ አወጣሁ፤ ባክቴሪያ እንዳይቀድመኝ በደረቅ ወረቀት ጠቀለልኳቸው። በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲለሰልሱ ስፖሮቹ የፀጉሩን ውስጥ ሞልተውት አየሁ። በዉድ መብራትም (በአልትራቫዮሌት መብራት) አረንጓዴ አላበራም፤ ስለዚህ በዚህ መብራት አረንጓዴ የሚያበራውን ሌላውን የቆረቆር ፈንገስ፣ ማይክሮስፖረም ካኒስን፣ ተጠራጥሬ ጊዜ አላባከንኩም።

ቀሪውን ሳቡሮ አጋር (የፈንገስ ማብቀያ ምግብ) ላይ ዘራሁት፤ ባክቴሪያንና ሌላ ሻጋታን የሚገቱት ክሎራምፌኒኮልና ሳይክሎሄክሲማይድ ያሉበት ላይ። ኃላፊው እንደገና 37 ዲግሪ ላይ ላስቀምጥ ሲል እምቢ አልኩ፤ ለቆረቆር ፈንገስ የሚሻለው 28 ዲግሪ ላይ አደረግሁት። ሳህኑ እንዳይደርቅ ጠርዙን በፕላስተር ያዝኩት፤ «አይጣል» ብዬም ስሜን ጻፍኩበት። በ18ኛው ቀን የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ታየችኝ። አራተኛው ሳምንት ሲያልቅ የተጨማደደች፣ ሰም የመሰለች፣ ሐምራዊ የፈንገስ ክምችት (ኮሎኒ) ሆነች፦ ቆረቆር አምጪው ፈንገስ ትሪኮፋይተን ቫዮላሲየም! ከሳህኑ ወስጄ በላክቶፌኖል ኮተን ብሉ (ፈንገስን በሚያቀልም ሰማያዊ ቀለም) ስመለከታት፣ ፀጉሩ ውስጥ ስፖር ቢሞላም እሷ ላይ ግን ክር ብቻ እንጂ ስፖር የለም፤ ይህች ዝርያ ልማዷ ነው፣ እንዳያስደነግጥሽ። ውጤቱን ይዤ ሐኪሟ ጋ የሄድኩት ራሴ ነኝ። ያን ቀን ቀና ብዬ ገባሁ።

3. በማይክሮስኮፕ ያየሽውን ስፖር ካልቸሩን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ጽፈሽ ላኪ፤ ሕክምናው በእሱ ይጀመራል።

ኢንኩቤተርሽ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሆነ ግን አልጻፍሽም። 37 ከሆነ ሳህኑን አሁኑኑ አውጥተሽ 28 ላይ አድርጊው።