ሲቲኤክስ-ኤ ኔጌቲቭ ወጣ ማለት፦ ለድሬዳዋ ጀማሪ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች

ጎርፉ ካለፈ በኋላ ከተማችንን በሚያቋርጠው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ከቀረ ኩሬ ናሙና የቀዳች አንዲት ጀማሪ «ሲቲኤክስ-ኤ፣ የኮሌራው መርዝ ጂን፣ ኔጌቲቭ ነው፤ ከኮሌራ ነፃ ብዬ ልፈርም?» ስትል ጠይቃለች። አትፈርሚ፣ ልጄ። ሙያችንን እስከዛሬ የሚቆጨው ነገር ስላለ መልሱ ትንሽ ይረዝማል።

ለብዙ ዘመን ላቦራቶሪ ኮሌራ ብሎ የሚያውቀው ኦ-1 የሚባለውን የቪብርዮ (የኮሌራ ባክቴሪያ) ዓይነት ብቻ ነበር። በኦ-1 ሴረም ከተጓጎለ ኮሌራ ነው፤ ካልተጓጎለ የውሃ ቪብርዮ ነው ተብሎ ፕሌቱ ይጣላል። በ1992 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ግን በህንዷ ማድራስ፣ ቀጥሎም በባንግላዴሽ፣ ሰገራው የሩዝ እጣቢ የሚመስል በሽተኛ ሆስፒታል ሞላ። ቲሲቢኤስ በሚባለው የቪብርዮ ማብቀያ ሚዲያ ላይ ቢጫ ሆኖ ይበቅላል፤ በኦ-1 ሴረም ግን አይጓጎልም። ያኔ ከሚታወቁት 138 ዓይነቶች ከአንዱም ጋር ስላልገጠመ ኦ-139 ተባለ። ኮሌራ በተደጋጋሚ በሚገባበት አገር መከላከያ አካብቷል የሚባለው አዋቂ ሳይቀር ወደቀ። ውስጡ ሲታይ ያው ኤል ቶር የሚባለው የኦ-1 ዝርያ ነው፦ የመርዙ ጂን ሲቲኤክስም፣ ፀጉር መሳዩ ቲሲፒም አለው። የላይኛውን ሽፋን የሚሠራበትን ጂን ብቻ ከሌላ ቪብርዮ ወስዶ፣ ልብስ ቀይሮ እንደመጣ ሌባ አለፈን። ስንቱ «የውሃ ነው» ተብሎ ተጥሎ ይሆን?

የመርዙ ጂን ራሱም ተጓዥ ነው። ሲቲኤክስ የሚጓዘው ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ ላይ ሲሆን፣ ይህ በ1996 እ.ኤ.አ. ታውቋል፤ ቫይረሱ ወደ ቪብርዮው የሚገባውም ያንኑ ቲሲፒ ጨብጦ ነው። ስለዚህ ከጥሬ ውሃ ሲቲኤክስ-ኤ ቢወጣ ለብቻው የሚንሳፈፍ ቫይረስ፣ የሞተ ሴል ወይም ቪብርዮ ሚሚከስ የሚባለው የኮሌራው ዘመድ ሊሆን ይችላል። ባይወጣም ሄሞላይሲን (ሴል የሚያፈርስ መርዝ) ወይም ዓይነት ሦስት የመርዝ መርጫ ያላቸው ኦ-1 ያልሆኑ ቪብርዮዎች ሰውን ተቅማጥ ያስይዛሉ።

የዛሬ ልጆች ማሽኑን በጣም ታምናላችሁ። የደቻቱ ጭቃ ውሃ በቀጥታ ጂን አባዝቶ በሚያሳየው ፒሲአር ውስጥ ሲገባ በአፈሩ ያለው ሁሚክ አሲድ ኢንዛይሙን ያንቀዋል፤ ባዶ ጄል አይታችሁ «የለም» ትላላችሁ። ምርመራው መሥራቱን ለማየት የሚጨመረው የውስጥ ኮንትሮል ካልወጣ ኔጌቲቩ ኔጌቲቭ አይደለም፤ አንድ ለአሥር አቅጥናችሁ ድገሙት።

ናሙናውን በረዶ ላይ አታስቀምጡ፤ ቅዝቃዜ ቪብርዮን ይጎዳል። በድሬ ሙቀት መኪና ውስጥም አይረሳ፤ ጥላ ባለው ሳጥን በዕለቱ ይድረስ። ክሎሪን ከነካው ጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይግባ። ቪብርዮው የሚባዛበት የፔፕቶን ውሃ፦ ፔፕቶን 10 ግራም፣ ጨው 10 ግራም በ1 ሊትር፣ ፒኤች 8.5፤ የቆየ ሚዲያ ፒኤቹ ይወርዳልና ሳትለኩ አትጠቀሙ። ድፍርስ ውሃ ማጣሪያውን ሜምብሬን ይደፍናል፤ ያኔ 450 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ አሥር እጥፍ የተጠናከረ 50 ሚሊ ሊትር ፔፕቶን ጨምሩ። በ37 ዲግሪ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ ካለፈ ሌላው ባክቴሪያ ይውጠዋል። ሳትነቀንቁ ከላይኛው ስስ ሽፋን ቀድታችሁ ቲሲቢኤስ ላይ ዝሩ። ቲሲቢኤስ ይፈላል እንጂ አውቶክሌቭ አይገባም። የኦክሲዴዝ ምርመራን በቀጥታ ከቢጫው ኮሎኒ አትሥሩ፤ አሲዱ ያሳስታል፤ መጀመሪያ ኒውትሪየንት አጋር ላይ አሳድጉት። አረንጓዴውንም አትጣሉ፣ ሚሚከስ እዚያ ነው።

ፕሌት ላይ ስለማብቀል ይህን ያህል ስናገር፣ በብርድና በረሃብ የተጨነቀ ቪብርዮ በሕይወት እያለም ፕሌት ላይ እንደማይበቅል እያወቅሁ ነው። እሱን የሚያየው ያው የነቀፍኩት ፒሲአር ነው። ሁለቱንም ሥሩ።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ያየ ከተማ ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም፤ አተት ሲመጣ ግን ሁሉም የሚያወራው ስለ ጉድጓዱ ውሃ ነው እንጂ ስለ ቧንቧው አይደለም።

ፎርሙ ላይ «ነፃ» አትጻፉ። «በተመረመረው 450 ሚሊ ሊትር ሲቲኤክስ-ኤ ያለው ቪብርዮ አልተገኘም» በሉ፤ የተቀዳበትን ሰዓት፣ ፒኤች እና ቀሪ ክሎሪን ጨምሩ። ፔፕቶኑ በፒሲአር ፖዘቲቭ ሆኖ ኮሎኒ ካልተገኘ እንደገና ዘርታችሁ ብዙ ኮሎኒ ፈትሹ። እስከዚያ ቧንቧው ላይ ቀሪው ክሎሪን በሊትር 0.5 ሚሊግራም እንዲሆን ለውሃ ክፍሉ ደውሉ፤ ውጤት አትጠብቁ።