በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ስለ ልዩ የፍሎቲንግ ፖይንት (ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች) ቋሚዎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኢንፊኒቲ (ወሰን የለሽ እሴት፣ INFINITY) እና ናን («ቁጥር አይደለም» ማለት፣ NAN) የሚሉትን ስሞች ስጽፍ ኮምፓይለሩ አያውቃቸውም። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ሁለቱም የሚገኙት «ማዝ» (math.h) በተባለው ሄደር ፋይል ውስጥ ነው። ወደ ቋንቋው የገቡት በ1999 ስታንዳርድ ስለሆነ፣ ኮምፓይለሩ በ1989ኙ ደንብ እንዲሠራ ከታዘዘ ላያገኛቸው ይችላል።

ጥያቄ፦ የስሌቴ ውጤት ሲታተም ናን ይላል፤ ከናን ጋር በ== ሳነጻጽረው ግን ሁልጊዜ ሐሰት ይሆናል። ለምን?

መልስ፦ በ1985 በወጣው የአይትሪፕልኢ 754 (IEEE 754) የፍሎቲንግ ፖይንት ስሌት ደንብ መሠረት ናን ከማንኛውም እሴት፣ ከራሱም ጭምር፣ እኩል አይደለም። ዜሮ ለዜሮ ሲካፈልም፣ የኔጌቲቭ 1 ካሬ ሩት ሲፈለግም የሚገኘው ናን ነው፤ ከተለያዩ ስሌቶች የወጡ ትርጉም የሌላቸውን ውጤቶች እኩል ናቸው ብሎ መፍረድ ደግሞ ትክክል አይሆንም። ስለዚህ መፈተሽ ያለበት አንድ እሴት ናን መሆኑን በሚለየው በኢዝናን (isnan) ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ጉዳቱ እዚያው ስለማይቆም ነው፦ በድምር ውስጥ የገባ አንድ ናን ጠቅላላውን ናን ያደርገዋል፤ ይበልጣል ወይም ያንሳል የሚሉት ንጽጽሮችም ሁሉ ሐሰት ስለሚሆኑ፣ በእነዚህ ላይ ብቻ የተመሠረተ የአሬይ አደራደር ይበላሻል። ጂሲሲ (GCC) ለተባለው ኮምፓይለር ስሌትን የሚያፋጥነው የፋስት ማዝ (-ffast-math) ትእዛዝ ከተሰጠ ደግሞ ኮምፓይለሩ ናን ፈጽሞ አይኖርም ብሎ ስለሚነሣ፣ ኢዝናን ራሱ ሊታመን አይችልም። ፍጥነት ተፈልጎ ይህ ትእዛዝ ሳይታሰብበት መሰጠቱን አልደግፍም።

ጥያቄ፦ ከአሬይ ውስጥ ትልቁን ለማግኘት ዲቢኤል ሚን (DBL_MIN) የተባለውን ቋሚ መነሻ አደረግሁ። ቁጥሮቹ ሁሉ ኔጌቲቭ ሲሆኑ መልሱ ይሳሳታል።

መልስ፦ የኢንቲጀር ትንሹ እሴት የሆነው ኢንት ሚን (INT_MIN) ኔጌቲቭ በመሆኑ ብዙዎች ዲቢኤል ሚንንም እንደዚያው ይገምቱታል። እርሱ ግን በሙሉ ጥራት ሊጻፍ የሚችለው ትንሹ ፖዘቲቭ እሴት ነው፤ መጠኑም 2.2×10⁻³⁰⁸ ያህል ነው። ለእርስዎ የሚስማማው መነሻ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለት ቁጥሮች ልዩነት ከዲቢኤል ኤፕሲሎን (DBL_EPSILON) ካነሰ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ በጥቅሉ አይቻልም። ይህ ቋሚ በ1.0 እና ቀጥሎ ባለው እሴት መካከል ያለው ርቀት ሲሆን 2.2×10⁻¹⁶ ያህል ነው፤ በአንድ ሚሊዮን አካባቢ ግን የአጎራባች እሴቶች ርቀት 1.2×10⁻¹⁰ ገደማ ይደርሳል። እዚያ ላይ ፍተሻዎ ከ== የተለየ ነገር አይሠራም፤ የሚፈቀደውን ልዩነት ከቁጥሮቹ መጠን ጋር ማባዛት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ 1ን ለ0 ማካፈል ኢንፊኒቲ ይሰጣል?

መልስ፦ 1.0/0.0 በአይትሪፕልኢ 754 ደንብ በሚሠሩ ማሽኖች ላይ ይሰጣል። በኢንቲጀር የተጻፈው 1/0 ግን ውጤቱ በቋንቋው ያልተወሰነ ስለሆነ፣ ከማካፈል በፊት አካፋዩ ዜሮ አለመሆኑን ያረጋግጡ።