ዱላህን ሳታስቀምጥ ደብተርህን ክፈት

ከካናዳዋ ኤድመንተን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 20 ዓመትህ ነው። በዌስተርን ሆኪ ሊግ፣ በወጣቶቹ የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ሦስት ሲዝን በረኛ ሆነህ ተጫውተሃል። ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት ግን የመረጠህ የኤንኤችኤል፣ የትልቁ የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ፣ ክለብ የለም። ዝቅ ባለ የፕሮፌሽናል ሊግ ልሞክር ወይስ ልማር ነው ጥያቄህ። እናትህ «ትምህርትህን ያዝ» ይሉሃል። ልቤን የነካችው ግን የመጨረሻዋ መስመርህ ናት፦ «ሆኪ ካቆምኩ እኔ ማን ነኝ?»

ስለ ኬን ድራይደን ልንገርህ። እንዳንተው በረኛ ነበር። ጨዋታው ሲቋረጥ የሆኪ ዱላውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ እጆቹን ጫፉ ላይ ደራርቦ ይደገፍበታል። ፎቶውን አይተኸው ይሆናል። በ1971 እ.ኤ.አ. ለሞንትሪያል ካናዲያንስ ክለብ ስድስት የመደበኛ ሲዝን ጨዋታ ብቻ ተሰልፎ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ፤ የኤንኤችኤል ሻምፒዮን የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫንም በላ። ያን ጊዜ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነበር። በ1973 ሌላ ዋንጫ በላ፣ በሕግም ተመረቀ። ከዚያ ከክለቡ ጋር በደመወዝ አልተስማማም። ሙሉ ሲዝን ከክለቡ ርቆ ቶሮንቶ ውስጥ ጠበቆች ቢሮ ገብቶ የሙያ ልምምዱን ሠራ። ተመልሶም ከ1976 እስከ 1979 አራት ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። ጫማውን ሲሰቅል ገና 31 ዓመቱ ነበር። በኋላ ደራሲ፣ የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ሆኪ ክለብ ፕሬዚዳንት፣ በ2004 ደግሞ የፓርላማ አባልና ሚኒስትር ሆነ። በ2025 አረፈ።

እዚያው ከተማህ ውስጥ ደግሞ ራንዲ ግሬግ አለልህ። በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና እየተማረ ለዩኒቨርሲቲው ይጫወት ነበር። ከከተማህ የኤንኤችኤል ክለብ ከኦይለርስ ጋር አምስት የስታንሊ ዋንጫ በልቶ ወደ ሐኪምነቱ ተመለሰ።

«እነሱማ የተለዩ ሰዎች ናቸው» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። እኔ የምልህ ጊዜውን እየው ነው። ሁለቱም ሌላውን ሙያ የጀመሩት ሆኪው ሳያልቅ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሊግህ ለተጫወትክበት ለእያንዳንዱ ሲዝን የአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ክፍያና የመጽሐፍ ወጪ ይሸፍናል። የሦስት ዓመት ትምህርት እጅህ ላይ አለ ማለት ነው። ግን የጊዜ ገደብ አለው፤ የፕሮፌሽናል ውል መፈረምም ሊያሳጣህ ይችላል። እባክህ ምንም ከመፈረምህ በፊት ያንን አንቀጽ አንብበው። ደግሞ ከ2025 ነሐሴ ጀምሮ እንዳንተ ያሉ ተጫዋቾች ለአሜሪካ ኮሌጆችም መጫወት ተፈቅዶላቸዋል። ድሮ ይህ በር ዝግ ነበር። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ዩኒቨርሲቲ ግባ፣ እዚያው ተጫወት።

ማን ነኝ ላልከው ደግሞ ይህን አስብ። ጎል ይገባብሃል። ከኋላህ ቀዩ መብራት ይበራል፣ አዳራሹ በጩኸት ይናጋል። አንተ ውሃህን ጎንጨት ታደርጋለህ፣ ማስክህን ትመልሳለህ፣ ለሚቀጥለው ምት ጎንበስ ትላለህ። ይህን ለሦስት ዓመት ሠርተኸዋል። ሲቪህ ላይ «ታታሪ ነኝ» ብለህ አትለፈው። ያደረግከውን እንዳለ ጻፈው፤ ቀጣሪ የሚያምነው እሱን ነው።

በዚህ ሳምንት ለሊጉ የትምህርት አማካሪ ደውልና የስንት ዓመት ክፍያ እንዳለህ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ በጽሑፍ ጠይቀው። መልሱን ከእናትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ከዚያ ጻፍልኝ፣ የትምህርት ክፍሉን አብረን እንመርጣለን።