የቤንዚን ሞተር ከእሽቅድምድም ሜዳ ይወጣል? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ስለ መኪና ውድድር በጻፍኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ በተለያየ መልክ ይመጣል። ዓለም ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ይሄ ሁሉ ቤንዚን ማቃጠል እስከ መቼ ነው? ዛሬ የተጠራቀሙትን አንድ ላይ ልመልስ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ፎርሙላ ዋን ግን ዛሬም ሞተር ተሸክሞ ይዞራል። እኛ ቀደምናቸው ማለት ነው?» (ከአዳማ)

በሰፈር መኪና አዎ፣ ቀድመናል ብትል አልከራከርህም። ውድድር ላይ ግን ነገሩ የክብደት ጉዳይ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

አንድ የፎርሙላ ዋን ውድድር ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። እስከ 2025 በነበረው ደንብ አንድ መኪና ለዚህ የሚፈቀድለት ቤንዚን 110 ኪሎ ነበር። አንድ ኪሎ ቤንዚን ደግሞ ወደ 12 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለው። ስለዚህ ታንከሩ ውስጥ 1,300 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ አለ። የእነሱ ሞተር ከዚህ ግማሽ ያህሉን ወደ ሥራ ይቀይራል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ የምንነዳው መኪና ሲሶውን ከቀየረ ጎበዝ ነው፣ የቀረው በራዲያተርና በማርሚታ ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ 650 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገናል። ጥሩ የሚባል ባትሪ በኪሎ የሚይዘው ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው። ከ2 ቶን ተኩል በላይ ባትሪ ልንጭን ነው ማለት ነው። ፍሬን ሲያዝ ተመልሶ የሚገባው ኃይል ግማሹን ቢሸፍንልን እንኳ 1.3 ቶን ገደማ ይቀራል። መኪናው ራሱ፣ ሹፌሩን ጨምሮ፣ በ2025 ደንብ ትንሹ ክብደቱ 800 ኪሎ ነበር። የዚህን እጥፍ የሚመዝን መኪና ጎማ ይጨርሳል፣ ኩርባ ላይ ይዘገያል፣ ሲጋጭም ጉዳቱ ሌላ ነው። መሀል ላይ ቆሞ ቻርጅ ያድርግ እንዳትል፣ ጎማ ቀይረው የሚወጡት በሁለት ሦስት ሰከንድ ነው።

ስለዚህ መሀሉን መረጡ። ከ2026 ጀምሮም 1.6 ሊትሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር (ቱርቦ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው) እንዳለ አለ፤ አብሮት የሚገፋው የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከ120 ኪሎዋት ወደ 350 ከፍ ብሏል። ጉልበቱ ግማሽ በግማሽ ገደማ ሆነ። ከጭስ ማውጫው ሙቀት ኤሌክትሪክ ያመነጭ የነበረው ውድና አስቸጋሪ መሣሪያም ወጣ። አውዲ የገባው፣ ፎርድም ከሬድ ቡል ጋር የተመለሰው በዚህ ደንብ ነው።

የኔን አስተያየት ከፈለግክ፣ ግማሽ በግማሽ የሚለው ቁጥር የመጣው ከእሽቅድምድም ሜዳ አይመስለኝም፤ ከስብሰባ አዳራሽ ነው። ባትሪው ትንሽ ስለሆነ ረጅም ቀጥታ መንገድ ላይ ቶሎ ያልቃል። ያኔ መኪናው መፍጠን በሚገባው ቦታ ጉልበቱ ይቀንሳል። የመኪና ፋብሪካዎቹ ግን «የምንሸጠውን የሚመስል ነገር እንወዳደርበት» አሉ። የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

«ፎርሙላ ኢ እዚህ ጅዳ ኮርኒሽ ላይ ሲካሄድ አየሁ። ሲያልፉ ሽው ብቻ! እውነት ይሄ እሽቅድምድም ነው?» (ከጅዳ)

ነው እህቴ፣ ግን ሌላ ዓይነት። የኤሌክትሪክ መኪናዎቹ ውድድር ፎርሙላ ኢ በመስከረም 2014 ቤይጂንግ ላይ ሲጀመር ባትሪው ውድድሩን አይጨርስም ነበር። ሹፌሮቹ መሀል ላይ ከአንዱ መኪና ወርደው ሌላ ይይዙ ነበር። ብዙ ተሳቀባቸው። ዛሬ ያየሽው መኪና ከቆመበት ተነሥቶ 100 ላይ ለመድረስ ሁለት ሰከንድ አይሞላበትም፤ በዚህ ፎርሙላ ዋንን ይበልጣል። ቀጣዩ ትውልድ ደግሞ እስከ 600 ኪሎዋት እንዲኖረው ተደርጎ ተሠርቷል።

ጨዋታው ያለው ቁጠባው ላይ ነው። ባትሪው የሚሰጠው 40 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ማን ቀድሞ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሣል፣ ማን ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ ንፋስ ይሸሸጋል፣ ማን ለመጨረሻዎቹ ዙሮች ያስቀምጣል? ይሄን ካላወቁት ይሰለቻል። በሚቀጥለው ስታዪ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የቀሪ ኃይል መቶኛ ተከታተዪ።

ድምፁን በተመለከተ ግን አላጽናናሽም። እኔም ይጎድለኛል። አውዲና ቢኤምደብሊው በ2021፣ መርሴዲስ በ2022 ጥለው ሲወጡ የቀሩት ፖርሽ፣ ጃጓርና ኒሳንን የመሳሰሉት ናቸው። ውድድሩ አልሞተም፣ ግን «በአሥር ዓመት ውስጥ ፎርሙላ ዋንን ይተካል» ሲሉ የነበሩት ሰዎች ዛሬ ድምፃቸው አይሰማም።

«‹ዘላቂ ነዳጅ› የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ማጭበርበሪያ አይመስልም?» (ከባሕር ዳር፣ የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ)

ኬሚስትሪው እውነት ነው፤ ከሱ ጋር የሚወራው ግን ሁሉ እውነት አይደለም።

ሐሳቡ ከመሬት አዲስ ካርቦን አናውጣ ነው። አንደኛው መንገድ ከቆሻሻና ለምግብ ከማይሆን ተረፈ ምርት መሥራት ነው። በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድርና በሌሎቹ የዓለም የጽናት ውድድሮች ከ2022 ጀምሮ የሚቀዳው ነዳጅ ከወይን ጠጅ ተረፈ ምርት የተሠራ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሃይድሮጅንን በኤሌክትሪክ ከውኃ ለይቶ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህዶ ቤንዚን መሥራት ነው። ፖርሽ ከአጋሮቹ ጋር ደቡብ ቺሊ ውስጥ፣ ንፋስ በማያቋርጥበት ቦታ፣ በ2022 መጨረሻ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ከፍቷል። የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ከ2022 ጀምሮ ከድፍድፍ ዘይት ያልተሠራ ነዳጅ ይጠቀማል። ፎርሙላ ዋን በ2022 በ10 ከመቶ ኢታኖል ጀምሮ (የፊንጫው ኢታኖል ከቤንዚናችን ጋር ሲደባለቅ ትዝ ይልሃል?) በ2026 ሙሉ በሙሉ ገባበት።

ችግሩ ብክነቱ ነው። መቶ እጅ ኤሌክትሪክ ወስደህ ቤንዚን ብትሠራበትና ተራ መኪና ብትነዳበት፣ ጎማ ላይ የሚደርስልህ 15 እጅ ገደማ ነው። በባትሪ ቢሆን ከ70 በላይ ይደርሳል። አብዛኛው መብራቷ ከውኃ ለሚመነጭ እንደኛ ላለች አገር ኤሌክትሪኩን ወደ ቤንዚን መቀየር በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። ለአውሮፕላን ቢሆን ይገባኛል።

አንድ ቁጥር ልጨምርልህ። ፎርሙላ ዋን ራሱ ባወጣው የ2018 ስሌት፣ መኪናዎቹ ሲሮጡ የሚያወጡት ጭስ ከስፖርቱ ጠቅላላ ልቀት 0.7 ከመቶ ብቻ ነበር። 45 ከመቶው ዕቃ በአውሮፕላን፣ በመርከብና በካሚዮን ማጓጓዝ ነው። ስለዚህ ነዳጁን ቢቀይሩትም ባይቀይሩትም የስፖርቱ ጭስ ብዙም አይነቃነቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ራሴ ሁለቴ አነበብኩት። በ2030 የተጣራ ልቀታችንን ዜሮ እናደርጋለን ብለው ቃል ሲገቡ፣ ትልቁ የቤት ሥራ ያለው ጭነት አውሮፕላኖቹ ላይ ነው።

«ልጄ፣ እኔ የዱሮው ሰው ነኝ። የነዚያ ቪ10 ሞተሮች ጩኸት ይመለሳል እየተባለ ነው፤ ልመን?» (ከሜሪላንድ)

አባቴ፣ ቪ10ን እርሱት፤ ቪ8 ግን ሊሆን ይችላል።

እርስዎ የሚናፍቁት እስከ 2005 የነበረውን 3 ሊትሩን ቪ10፣ ባለ አሥር ሲሊንደሩን ነው፤ በደቂቃ ወደ 19,000 ዙር ይደርስ ነበር። ከሱ በኋላ እስከ 2013 ባለ 2.4 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ8 መጣ። (ቪ8 ሲባል በየሚኒስቴሩ ግቢ የሚቆመው ላንድክሩዘር ለሚታወሳቸው አንባብያን፣ እሱ አይደለም።) በ2014 ቱርቦና ኤሌክትሪክ ሲገባ ድምፁ ታፈነ። የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት መሐመድ ቢን ሱላዬም በ2025 መጀመሪያ የቪ10ን ሐሳብ አነሡ፤ ፋብሪካዎቹ ሲያንገራግሩ ወደ ቪ8 ዞሩ። በዘላቂ ነዳጅ የሚሠራ፣ ቀለል ያለ፣ የሚጮህ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክም ያለበት። የሚጠራው ጊዜ 2030 ወይም 2031 ነው።

እኔ ይሄን ሐሳብ እወደዋለሁ። ቢያንስ ሐቀኛ ነው። ዱሮ «ውድድር ላይ የምንፈትነው ነገ እናንተ የምትነዱት ነው» ይሉን ነበር። ዛሬ ሰው የሚነዳው ኤሌክትሪክ ከሆነ፣ የሚጮኸው ሞተር የሚኖረው ደስ ስለሚል ብቻ ነው። ለስፖርት ይሄ በቂ ምክንያት ነው።

«አዲስ አበባ ላይ የነዳጅ መኪና ጉልበቱ ይቀንሳል ይባላል። ታዲያ ከፍታ ቦታ ላይ ቢወዳደሩ ኤሌክትሪክ አያሸንፍም?» (ከአዲስ አበባ፣ መንዳት የምትወድ)

ያሸንፋል፤ አሸንፎም አይተናል።

ሞተር ቤንዚኑን ለማቃጠል አየር ይፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ከፍታው ጉልበቱን አይነካበትም።

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ አለ። ውድድሩ 2,862 ሜትር ላይ ይጀምርና 4,302 ሜትር ላይ ያልቃል። 20 ኪሎ ሜትር፣ 156 ኩርባ። በ2013 ፈረንሳዊው ሰባስቲያን ሎብ 875 የፈረስ ጉልበት ባለው፣ 875 ኪሎ በሚመዝን ፔዦ በ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ወጣው። ማን ይነካዋል ተባለ። በ2018 ሮማን ዱማ በኤሌክትሪኩ ፎልክስዋገን 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ገባ። ፎልክስዋገኑ ከፔዦው ይከብዳል፤ ጉልበቱም 680 ብቻ ነው። ክብደቱ በዝቶ፣ ጉልበቱ አንሶ በ16 ሰከንድ በለጠ! ርቀቱ አጭር ስለሆነ ትልቅ ባትሪ አላስፈለገውም፤ ፔዦው ደግሞ ቱርቦ እያለው እንኳ ወደ ጫፉ ሲቃረብ አየር አጠረው።

ያው ፎልክስዋገን በ2019 ጀርመን ውስጥ ኑርቡርግሪንግ የሚባለውን የውድድር መንገድ ሲዞር 6 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ወሰደበት። ቦታው ዝቅ ያለ ነው፣ አየሩም ሙሉ ነው። የፖርሽ ሞተርና ኤሌክትሪክ ያጣመረ መኪና ከዓመት በፊት እዚያው በ5 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ዞሮት ነበር። ቦታው ነው የሚወስነው።

እኔ የምመኘው ውድድር አንድ ነው። ከዓባይ በረሃ ድልድይ ተነሥቶ እስከ ጎሐ ጽዮን። ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ፣ ኩርባ በኩርባ። መንገዱ ይጠገንና ስፖንሰር ይገኝ እንጂ፣ በዚያ ዳገት ኤሌክትሪኩን ነው የምይዘው። ቁልቁል ሲመለስ ደግሞ ባትሪውን እየሞላ ነው የሚወርደው።

አጫጭሮቹ

ሞተር ሳይክልስ? አልሆነም። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎቹ ውድድር ሞቶ ኢ በ2019 ተጀምሮ ከ2025 በኋላ እንዲቆም ተወሰነ፤ ተመልካች አላገኘም። የዱካቲው ኤሌክትሪክ በ2023 ሲገባ 225 ኪሎ ይመዝን ነበር፣ በትልቁ የቤንዚን ውድድር በሞቶ ጂፒ ያለው 157። ሁለት ጎማ ላይ ይሄ ልዩነት ብዙ ነው። ሞቶ ጂፒ ከ2027 ሞተሩን ከ1,000 ወደ 850 ሲሲ ዝቅ አድርጎ ሙሉ በሙሉ ወደ ዘላቂ ነዳጅ ይገባል።

ኬንያ ያለው ሳፋሪ ራሊ ኤሌክትሪክ ይሆናል? በቅርቡ አይመስለኝም። ራሊ እንዲያውም ወደ ኋላ ነው የሄደው። በ2022 የገባውን ኤሌክትሪክ አጋዥ በ2025 አውጥተው ጣሉት። ናይቫሻ አቧራ ውስጥ ገብቶ ለሚበላሽ ዕቃ ውድ ነበር።

በአጭር ርቀት ማን ይፈጥናል? ኤሌክትሪክ። እንግሊዝ አገር ጉድዉድ ላይ 1.86 ኪሎ ሜትሩን ዳገት በ2022 ማክመርትሪ የምትባል ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና በ39.08 ሰከንድ ጨርሳለች። ከሥር በፋን አየር እየሳበች መሬት ላይ የምትጣበቅ ጉደኛ መኪና ናት።

«ልጄ የሞተር ነገር ነፍሱ ነው። የሚሞት ሙያ እንዳይማር ፈራሁ።» (እናት፣ ከሐዋሳ)

አይፍሩ። ሬኖ ከ2025 በኋላ የፎርሙላ ዋን ሞተር መሥራት አቁሟል፤ ግን አውዲና ሬድ ቡል ከፎርድ ጋር በ2026 አዲስ ሞተር ይዘው ገብተዋል፣ የካዲላክ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስም የራሱን ለመሥራት ተፈቅዶለታል። እኛም አገር ያሉት የነዳጅ መኪናዎች በክልከላው ቀን አልጠፉም፤ ለብዙ ዓመት መካኒክ ይፈልጋሉ።

ግን ሞተር ብቻ አይማር። የፎርሙላ ዋን መካኒኮች ዛሬ የጎማ ጓንት አድርገው ነው የሚሠሩት። መኪናው ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ካልሆነ ማንም አይነካውም። ያኔ ሹፌሩም አንድ እግሩን መሬት፣ አንድ እጁን መኪናው ላይ አድርጎ አይወርድም፤ ዘሎ ነው የሚወርደው፣ ኤሌክትሪኩ እንዳይመታው። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያውቅ መካኒክ ሐዋሳም ሆነ አዲስ አበባ ሥራ አያጣም። መጀመሪያ ያንን ኮርስ ይፈልጉለት።

«እንወራረድ! በ2040 ፎርሙላ ዋን ላይ ሞተር ይኖራል ወይስ አይኖርም?» (ከቴል አቪቭ)

ይኖራል እላለሁ። አንደኛ፣ በባትሪ ብቻ የሚሄድ የነጠላ ወንበር የዓለም ውድድር የማካሄድ መብት በረጅም ጊዜ ውል የፎርሙላ ኢ ነው፤ ፎርሙላ ዋን ቢፈልግ እንኳ ዝም ብሎ አይገባበትም። ሁለተኛ፣ ባትሪው ዛሬ ካለው በሦስት እጥፍ ካልቀለለ ቅድም የሠራነው ሒሳብ አይወጣም። ሦስተኛ፣ ተመልካቹ ድምፅ ይፈልጋል። የምትወራረደው ኤሌክትሪኩን ይዘህ ከሆነ ተቀብያለሁ፤ ክትፎ እናድርገው።