የደረቀ የሚመስለው ቅርንጫፍ

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ብዙ ሰው ጸደይ መግባቱን የሚያውቀው ዛፎች አበባ ለብሰው ካያቸው በኋላ ነው። እኔ ግን ከአርባ ዓመት በላይ በአትክልት ሙያ ስቆይ የተረዳሁት፣ በወቅቱ ከልቡ የሚደሰተው ገና ምንም የሌለ በሚመስልበት ጊዜ ወደ ጓሮው ብቅ ማለት የጀመረ ሰው መሆኑን ነው። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ብርዱ ሊወጣ ሲል አንድ ቅርንጫፍ ምረጡና በየቀኑ እዩት።

ጠጋ ብላችሁ ስትመለከቱት እምቡጡ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ አንዱ በሌላው ላይ በተደራረቡ ቡናማ ቅርፊቶች የተጠቀለለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለብዙ ቀናት አንድም ለውጥ አይታይበትም። ከዚያ አንድ ጠዋት ቅርፊቶቹ ፈቀቅ ፈቀቅ ይሉና በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ መስመር ይወጣል። በዚያ መስመር የሚሰማኝን ደስታ ያህል ሙሉ በሙሉ ያበበ ዛፍ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ብዙዎች የማያውቁት፣ በጸደይ መጀመሪያ የሚያብቡ አብዛኞቹ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች እምቡጣቸውን የሚሠሩት ባለፈው ዓመት የሙቀት ወራት መሆኑን ነው። እኔም ይህን የተማርኩት በጥፋት ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት፣ በብርዱ ማብቂያ ላይ አንድ ትልቅ ቁጥቋጦ ደርቋል ብዬ ቅርንጫፎቹን አሳጥሬ ገረዝኩት። በዚያ ጸደይ ቅጠል እንጂ አንድም አበባ አላወጣም፤ መሬት ላይ የጣልኩት ጭራሮ የዓመቱን አበባ በሙሉ ተሸክሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ መቀስ ከማንሳቴ በፊት የቅርንጫፉን ልጣጭ በጥፍሬ ፋቅ አደርጋለሁ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥቋጦ መግረዝ የሚገባውም አበባው እንደረገፈ ነው።

ብርዱንም አትጥሉት። ፖም የመሰሉ ዛፎች እንቅልፋቸውን የሚጨርሱት በቂ ቅዝቃዜ ሲያገኙ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የፖም ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከ800 እስከ 1000 ሰዓት ያህል መቆየት ይፈልጋሉ። በብርዱ ወራት መካከል ሁለት ሦስት ሞቃት ቀን ቢመጣ የማይታለሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀቱ የሚቀሰቅሳቸው የቅዝቃዜውን ድርሻ ከተቀበሉ በኋላ ነው።

እናንተ ግን በመጀመሪያው ፀሐያማ ቀን መታለላችሁ አይቀርም፤ እኔም ዛሬ ድረስ እጄን ይበላኛል። ከመቆፈራችሁ በፊት አንድ እፍኝ አፈር ጨብጡና በጣታችሁ ነካ አድርጉት። ከተፈረፈረ ዝግጁ ነው፤ እንደ ጭቃ ከተጣበቀ ተዉት፣ ርጥብ አፈር ሲረገጥ አየርና ውኃ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ይደፈናሉና ጉዳቱ ለብዙ ወራት ይቆያል። ዘርም የየራሱ ሰዓት አለው፤ አተር አፈሩ ወደ 5 ዲግሪ ሲደርስ መብቀል ሲችል፣ ፎሶሊያ ግን ወደ 15 ዲግሪ ካልሞቀለት መሬት ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ውርጭ ሊጥል ስለሚችል፣ ለጋ ችግኞቻችሁን ሳይመሽ ሸፍኑ።

በምትጠብቁበት ጊዜ ደብተር ያዙ። በእንግሊዝ አገር ሮበርት ማርሻም የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1736 የጸደይን ምልክቶች፣ የትኛው ዛፍ መቼ ቅጠል እንዳወጣ፣ የትኛው ወፍ መቼ እንደመጣ መመዝገብ ጀመረ፤ ቤተሰቡም ከእርሱ በኋላ ተቀባብሎ እስከ 1958 አደረሰው። ያ መዝገብ ዛሬ የአየር ንብረትን ለውጥ ለሚያጠኑ ሰዎች ትልቅ ሀብት ሆኗል። የእናንተ ደብተር ግን ለማንም ባይጠቅም እንኳ ግድ የለም፤ ዓይናችሁን ያሠለጥነዋል፣ ያ ለእኔ በቂ ምክንያት ነው። ቀኑን፣ ያያችሁትንና የአየሩን ሁኔታ በአንድ መስመር ጻፉ።

እኔ ዛሬ ጠዋት የጻፍኩት ስለ አንዲት ደንዳና፣ ጸጉራም ዱር ንብ ነው። የብርዱን ወራት ብቻዋን አፈር ውስጥ ያሳለፈች ንግሥት ናት። ቅዝቃዜው ገና ስላልለቀቀ ቅጠል ላይ ተቀምጣ፣ ክንፏን ሳትዘረጋ የደረት ጡንቻዎቿን እያንቀጠቀጠች ሰውነቷን ታሞቅ ነበር፤ ለመብረር ደረቷ ወደ 30 ዲግሪ መድረስ አለበት። አጠገቧ ተንበርክኬ ጠበቅኋት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተነሣችና በጓሮው ወዳበበው ብቸኛ ቅርንጫፍ በረረች።