ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ምሳ ቋጥሮ ለመዋል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። እርስዎ የሐዋሳ ልጅ ስለሆኑ ነው የጻፍኩልዎ። በቅርቡ ቤተሰቤን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ልሄድ ነው። ሪዞርት ገብተን ለመዋል አቅማችን አይፈቅድም። ምሳችንን ቋጥረን ሐይቅ ዳር ብንውል ብዬ ነው። እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የስምንትና የአምስት ዓመት ልጆቼ ደግሞ ከአሁኑ «እንዋኛለን» እያሉ ነው። የት ይሻለናል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህት ዓለም፣ ሪዞርት አልገባሁም ብለሽ ቅር እንዳይልሽ። እኛ እዚያ ያደግነው ሰዎች ሐይቁን የጠገብነው ምሳ በሰሃን ቋጥረን ነው። ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ የሚሰበሰቡበት አሞራ ገደል፣ ከዚያ ሐይቁ ዳር ያለው ጉዱማሌ መናፈሻ ብትሉ ቀኑ ይሞላላችኋል።

አሞራ ገደል በጠዋት ነው የሚያምረው። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረው መረብ ተሰብስቦ ጀልባዎቹ ይመለሳሉ። ዳር ላይ ቆሮሶው፣ አምባዛው ይዘረገፋል፤ ልጆች በቢላ እየቀረፉ ያጸዳሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሚጣለውን የዓሣ አንጀት እየጠበቁ አጠገባቸው ይቆማሉ። አንዱ አባ ኮዳ ቁመቱ የስምንት ዓመቱን ልጅሽን ያክላል። ልጆቹ ይህን ካዩ ዋናውን ለጊዜው ይረሱታል። ግን ምንቃሩ ቀላል አይደለም፤ እጃቸውን ይዘሽ አሳያቸው።

ዓሣ ስትገዢ ስንጥቡን ከፍተሽ እዪ። ቀይ ከሆነ፣ ዓይኑም ካልደፈረሰ፣ ሥጋውን ስትጫኚው መልሶ ከሞላ የዛሬ ነው። እዚያው ተሰነጣጥቆ ይጠበስልሻል፤ በአዋዜና በሎሚ ብሉት። ጥሬውንም የሚበሉ ብዙ ናቸው፤ ለልጆች ግን እኔ አልመክርም። እናትሽ በጾም ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ረቡዕና ዓርብን ተዪያቸው፤ ካልሆነም ሽሮ ፍትፍት ይዘሽላቸው ሂጂ።

ጦጣና ጉሬዛም አለ። ጉሬዛው ዛፉ ላይ ሆኖ ቅጠሉን ይበላል፣ ሰው አያስቸግርም። ጦጣዋ ግን ሙዝ ያለበትን ፌስታል ከሩቅ ታውቀዋለች። ምግቡን ክዳን ባለው ነገር ያዙ። ልጆቹም እንዳይወረውሩላት አደራ። ሰው ባስለመዳት ቁጥር ነው ሕፃን እጅ ላይ የምትዘለው።

ለምሳ ጉዱማሌ ይሻላል። ሜዳው ደልዳላ ነው፣ የዛፍ ጥላ አለው፤ ለእናትሽ ጉልበት ይመቻል። ሲዳማዎች ዘመን መለወጫቸውን ፊቼ ጨምበላላን የሚያከብሩት እዚህ ነው። በዓሉ በፈረንጆቹ 2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ለእናትሽ ዱካ ወይም ታጣፊ ወንበር አትርሺ፤ መሬት ላይ ተቀምጦ መነሳት ይከብዳቸዋል።

ጀልባ ከፈለጋችሁ በጠዋቱ ውጡ። ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ውሃው ይናወጣል። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተስማሙ። ለልጆቹ ልክ የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ ይቅርባችሁ። ሲመሻሽ ደግሞ ፊላና ደንገል ካለበት ዳር ራቁ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው።

ዋናውን በተመለከተ ቁርጡን ልንገርሽ፦ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ አታስገቢያቸው። ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት ዳር ይንሳፈፋል። ቆዳ በስቶ ነው የሚገባው፤ ውሃውን ባይጠጡም ይይዛቸዋል። ሳታስቢው ዘለው ከገቡ ቶሎ አውጥተሽ በፎጣ አድርቂያቸው። ከአንድ ወር ተኩል በኋላም ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመርምሪያቸው፤ መድኃኒት አለው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከዚያ ወዲያ መውጫ የለውም። ስለዚህ የተጣለ ሃይላንድ ተጠርጎ የሚሄድበት ቦታ የለም፤ ወይ ዳር ላይ ይከማቻል፣ ወይ ከመረቡ ጋር ይወጣል። ባዶ ፌስታል ያዢና ቆሻሻችሁን ሰብስባችሁ ሂዱ። ልጅ ሆኜ ያየሁት ዳርቻና የዛሬው አንድ አይደሉም፤ በጣም ያመኛል።

ልጆቹ መዋኘት አለብን ካሉ ላንጋኖ መንገዳችሁ ላይ ነው። ውሃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዚያ ነጻ ተብሎ የሚታወቅ ሐይቅ ነው። ስትመለሱ ግማሽ ቀን ስጧቸው፤ ትንሹን ግን ከአጠገብሽ አታርቂው።