ክሉዋኒ ሐይቅ በድንኳን? ከመነሳትህ በፊት ይህን አንብብ

ወንድሜ፣ በጁላይ መጨረሻ ቤተሰብህን ይዘህ ከካልጋሪ ወደ ሰሜን ምዕራብ ካናዳዋ ዩኮን ልትነዳ ነው። ክሉዋኒ ሐይቅ ዳር ድንኳን ጥለን አራት ቀን ብንቆይ ነጮቹን የተራራ በጎች እናያለን ወይ፣ ልጆቹስ ይዋኛሉ ወይ ብለሃል። እኔ ከኤድመንተን በዚያው ወር፣ እንዳንተው ድንኳን ጭኜ ሄጄ ተቃጥያለሁ።

1. ድንኳኑን ሳትጠይቅ አትጫን። ከመነሳቴ በፊት ለአንድ የመረጃ ቢሮ ደውዬ «ሐይቁ ዳር ካምፕ ማድረግ ይቻላል?» አልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት «አዎ» አለችኝና ዘጋችው። የዩኮን ዋና ከተማ ዋይትሆርስ ለመድረስ ብቻ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳሁ። ከዚያ በላይ ሌላ ከ200 በላይ። ኮንግደን ክሪክ ካምፕ ስንደርስ መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ድንኳን ክልክል ነው፣ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ የካምፕ መኪና ብቻ። ምክንያቱ ግሪዝሊ ድብ። በዚያ ወቅት የሚበስል ቀይ የዱር ፍሬ አለ፤ ድቦቹ ለክረምቱ እንቅልፍ የሚወፍሩት በሱ ነው። ካምፑ ደግሞ ፍሬው መሃል ነው ያለው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐይዋ ግን አልጠለቀችም። ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል። ወደ ሃይንስ ጃንክሽን ከተማ ተመልሰን ሞቴል ያዝን፤ ዋጋውን ለባለቤቴ እስከዛሬ በትክክል አልነገርኳትም። በማግስቱ ቢሮው ጋ ደውዬ ጮህኩ። «ድንኳን ብለህ አልጠየቅከኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የሚያናድደውም እሱ ነው። ደንቡ ሊለዋወጥ ስለሚችል ደውልና ድንኳን የሚለውን ቃል ራስህ አውጣው።

2. በጎቹ። ሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ታቻል ዳል የሚባል ተራራ አለ፤ ብዙው ሰው ሺፕ ማውንቴን፣ የበግ ተራራ፣ ነው የሚለው። ስሙን አይተህ እንዳትታለል። በሰመር በጎቹ ከመንገዱ ርቀው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሁለት ቀን ሙሉ በቢኖኩላር ድንጋይ ስናይ ዋልን።

3. መዋኘት አይታሰብም። ውኃው ከበረዶ ግግር የመጣ ነው፤ ልጄ እጁን ነክሮ እስከ አምስት ሳይቆጥር አወጣው። ነፋሱም ድንገት ይነሳል።

ስለ ነፋሱ ካነሳሁ አቧራውን ልንገርህ፤ ይህንን ማንም አልነገረኝም። ሐይቁን ከሚመግቡት ዋናው ስሊምስ የሚባለው ወንዝ ነበር፣ ከካስካዉልሽ የበረዶ ግግር የሚወርድ። በፈረንጆቹ 2016 ግግሩ እየሸሸ ስለነበር የቀለጠው ውኃ በሌላ በኩል መውጫ አገኘ። በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛው ውኃ ወደ ደቡብ ዞረ። በዩኮን ወንዝ በኩል ቤሪንግ ባሕር ይገባ የነበረው አሁን በአልሴክ ወንዝ አድርጎ አላስካ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። እስቲ አስበው፣ ዓባይ አንድ ጠዋት ተነስቶ መንገዱን ቢቀይር! ሐይቁ ከአንድ ሜትር በላይ ወረደ፤ የወንዙ አፍ ደረቀ። ያ እንደ ዱቄት የላመ ደለል አሁን በነፋስ ይነሳል። የወንዙ ድልድይ ጋ ቆመን ዳቦ ስንበላ ጥርሴ ስር ሲንቀጫቀጭ ተሰማኝ፤ የቡናዬ አናትም ግራጫ ሆነ። አስም ያለበት ልጅ ካለህ እዚያ ጋ አትቁም።

እኔ ግን እልኸኛ ነኝ። በሌላ ዓመት ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ተመለስኩ፤ በዚህ ጊዜ ሐይቁ ዳር ባለችው ዴስትራክሽን ቤይ መንደር ቀድሜ አልጋ ያዝኩ። ቁጥቋጦው ቢጫና ቀይ ሆኗል፣ ውኃው ሰማያዊ። ጣናን የሚያህል አይደለም፣ ስፋቱ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ዳር ዳሩን ስትነዳ አያልቅም። ዓሣ ካማረህ ትልልቅ ትራውት አለ፤ የዩኮን ፈቃድ ግዛ፣ ክሉዋኒ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ላሉት ውኃዎች ደግሞ ሌላ ፈቃድ ነው።

ታቻል ዳል ስር መኪናዬን አቁሜ ያው ድንጋይ ማየት ጀመርኩ። አንዱ ነጭ ድንጋይ ተራመደ። ከዚያ ሌላው። ልጄ 23 ቆጠረ፣ እኔ 21። እስከ ዋይትሆርስ ስንጨቃጨቅ ሄድን።

የልጆቹ ትምህርት ካልያዘህ ወደ ሴፕቴምበር አሸጋግረው። ጓንት ያዝ።